የሳፎክ አውራጃ ድንቅ ታሪኮችና አነባበባቸው

በእንግሊዝ አገር ስለ አውራጃዎች ታሪክ የተጻፉ መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ለብቻቸው እንደ አንድ ወገን የሚቈጠሩ የድንቅ ታሪክ ስብስቦች አሉ። ዓላማቸው የአውራጃውን ርስትና ሹመት መዝግቦ ማቈየት ሳይሆን፥ አንባቢን የሚያስገርም ነገር እየመረጡ ማቅረብ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የገለጠ ሰው በአንዱ ገጽ ከባሕር ስለ ተያዘ ጠጕራም ሰው፥ በሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን ስለ ገባ ጥቁር ውሻ፥ ከዚያም በኋላ በመተት ተከሰው ስለ ተሰቀሉ ሰዎች ያነባል። ነገሩ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፈገግታ ይተረካል፤ የታየውና የተወራው፥ የሆነውና የተጨመረው በአንድ መሶብ ቀርቦ «ድንቅ» የሚል ክዳን ይደፋበታል።

የዚህ ሐተታ ዓላማ ያን ክዳን አንሥቶ ማየት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በምሥራቅ እንግሊዝ በሰሜን ባሕር ዳር የሚገኘውን የሳፎክን አውራጃ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያ አውራጃ የሆኑት ወይም ሆኑ የተባሉት ነገሮች መጀመሪያ የተጻፉባቸው ጽሑፎች እስከ ዛሬ ስለሚገኙና፥ ኋላ የተጨመረውን ከፊተኛው ለመለየት ስለሚቻል ነው። «ነገሩ በእውነት ሆኖአል ወይስ አልሆነም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ የቆመ አንባቢ የታሪኩን ዋና ፍሬ ሳይቀምስ ይቀራል። ማን አየ? ማን ጻፈ? ለማን ጻፈ? ከሁሉም ይልቅ ደግሞ፥ እንግዳው ነገር በመጣ ጊዜ የአገሩ ሰው ምን አደረገ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን አራት ታሪኮችን እንመርምር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የዉልፒት አረንጓዴ ልጆች ታሪክ ነው። ዉልፒት ማለት በጥንቱ እንግሊዝኛ የተኵላ ጕድጓድ ማለት ሲሆን፥ መንደሩ ስሙን ያገኘው ለተኵላ ማጥመጃ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች ነው። በእነዚህ ጕድጓዶች አጠገብ የመንደሩ ሰዎች አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አገኙ። የሁለቱም ገላ አረንጓዴ ነበረ፤ ቋንቋቸውንም የሚሰማ ሰው አልተገኘም። ሪቻርድ ደ ካልን ወደሚባል ባላባት ቤት በተወሰዱ ጊዜ የቀረበላቸውን ምግብ ሁሉ እያለቀሱ እምቢ አሉ። በኋላ ግን ከነአገዳው የተነቀለ የባቄላ እሸት አይተው ተስገብግበው ያዙ። ፍሬውን የፈለጉት ግን በአገዳው ውስጥ ነበረ፤ አገዳው ባዶ ሆኖ ባገኙት ጊዜ አምርረው አለቀሱ። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ፍሬው ያለበትን ፈልቅቀው ቢያሳዩአቸው ደስ ብሎአቸው በሉ፤ ለብዙ ጊዜም ከባቄላ በቀር ሌላ አልቀመሱም። ወንዱ ልጅ ብዙ ሳይቈይ ሞተ። ሴቲቱ ግን የአገሩን ምግብ ለመደች፤ አረንጓዴው መልኳም እየለቀቀ እንደ ሌላው ሰው ሆነ፤ ቋንቋውንም ተማረች፤ ክርስትናም ተነሣች።

ይህን የጻፉልን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በሰሜን በዮርክሻየር አውራጃ በኒውበርግ ገዳም የነበረው ዊልያም ነው። እርሱ ታሪኩን በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲጽፍ፥ ነገሩ በንጉሥ እስጢፋኖስ ዘመን፥ ማለት ከ1135 እስከ 1154 ባለው ጊዜ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ለማመን ብዙ አመንትቶ በምስክሮቹ ብዛትና ክብደት እንደ ተሸነፈም አይሸሽግም። ሁለተኛው ከሳፎክ በሚዋሰነው በኤሴክስ አውራጃ ከ1207 እስከ 1218 የኮገሻል ገዳም አበምኔት የነበረው ራልፍ ነው። እርሱ ደግሞ ከሪቻርድ ከራሱና ከቤተ ሰቡ አፍ ደጋግሞ እንደ ሰማ ይገልጻል። ልጆቹ የመጡበት አገር ፀሐይ የማይወጣበት፥ ብርሃኑም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳለው ጊዜ የደበዘዘ መሆኑን ሁለቱም ይስማሙበታል። በሌላው ግን ይለያያሉ። በዊልያም ዘንድ ልጆቹ አገራቸውን የቅዱስ ማርቲን ምድር ይሉታል፤ ሕዝቡ ክርስቲያን ነው፤ እነርሱም የአባታቸውን ከብት ሲጠብቁ ታላቅ ድምፅ ሰምተው ራሳቸውን እንደ ሳቱ፥ ሲነቁ በአጫጆች መካከል ተገኙ። በራልፍ ዘንድ ከብቶቻቸውን ተከትለው ዋሻ ገቡ፤ የደወል ድምፅ እየመራቸውም ወደዚህ ዓለም ወጡ። ስለ ሴቲቱ ፍጻሜ ሲናገሩም፥ ዊልያም ሊን በሚባል ከተማ ባል እንዳገባች ሲጽፍ፥ ራልፍ ግን በባላባቱ ቤት ለብዙ ዓመታት አገልጋይ እንደ ነበረችና ጠባይዋም ልቅ እንደ ነበረ ይጽፋል።

የኋላ ሰዎች በዚህ ታሪክ ላይ ያደረጉት ነገር ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1621 ሮበርት በርተን የተባለው ደራሲ ልጆቹ ከሰማይ የወደቁ ይሆናሉ ብሎ ገመተ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ የዘመናችን አንባቢ ደግሞ በ1998 ፖል ሐሪስ የተባለ ጸሐፊ ያቀረበውን ፍቺ በደስታ ይቀበላል። በዚህ ፍቺ መሠረት ልጆቹ ከፍላንደርስ የመጡ ስደተኞች ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው በ1173 በፎርናም አጠገብ በተደረገው ውጊያ ዘመን ሞተዋል፤ የቅዱስ ማርቲን ምድር የተባለው ፎርናም ሴይንት ማርቲን የሚባለው መንደር ነው፤ አረንጓዴው መልክ በረኃብ ከደም ማነስ የመጣ ነው፤ ዋሻውም ጥንታዊ የባልጩት መቈፈሪያ ነው።

ፍቺው ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን የተሠራበትን መንገድ እንመልከት። የቅዱስ ማርቲንን ስም የሚወስደው ከዊልያም ነው፤ ዋሻውን የሚወስደው ከራልፍ ነው። ዊልያም የሰጠውን ዘመን ግን ይጥለዋል፤ ምክንያቱም ንጉሥ እስጢፋኖስ የሞተው ከፎርናም ውጊያ 19 ዓመት አስቀድሞ ነውና። ከሁለት ምስክሮች ቃል የሚስማማውን መርጦ፥ የማይስማማውን ትቶ፥ ሁለቱም ያልተናገሩትን ሦስተኛ ታሪክ መስፋት ምርመራ አይባልም። በርተን ልጆቹን ከሰማይ አወረዳቸው፤ የዘመናችን ሰው ከጐረቤት መንደር አመጣቸው፤ መንገዳቸው ቢለያይም ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ልጆቹ ከየት እንደ መጡ ለማወቅ ሲቸኵሉ፥ ጽሑፉ በግልጥ የሚነግረንን፥ ልጆቹ የገቡበትን አገር፥ ሳያዩት አልፈዋል።

ጽሑፉ የሚነግረን ይህ ነው። የመንደሩ ሰው በእንግዶቹ ፊት ሦስት በሮች አቆመ። አንደኛው የምግብ በር ነው፤ የምንበላውን ይበላሉ ወይ? ሁለተኛው የቋንቋ በር ነው፤ የምንናገረውን ይናገራሉ ወይ? ሦስተኛው የእምነት በር ነው፤ ለምንሰግድለት ይሰግዳሉ ወይ? በራልፍ ትረካ ወንዱ ልጅ በእነዚህ በሮች ሳያልፍ ሞተ። ሴቲቱ በሦስቱም አለፈች፤ ጸሐፊዎቹም እንደሚተርኩት መልኳ እንኳ እንደ አገሩ ሰው መልክ ሆነ። አረንጓዴነቷ ምንም ይሁን ምን፥ የጠፋበት ጊዜ ከምግቡ፥ ከቋንቋውና ከጥምቀቱ ጋር መተረኩ በ12ኛው መቶ ዓመት የሳፎክ ሰው «የእኛ ወገን» ሲል ምን ማለቱ እንደ ነበረ ያስረዳናል። በዚህ ላይ ግን ራልፍ በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳልተከፈተላት ሳያስበው መስክሮአል፤ ከተጠመቀችና ቋንቋ ከተማረች በኋላም ስለ ጠባይዋ ሐሜት ተከትሎአታልና።

ይህ ትርጓሜ ከአንድ ታሪክ ብቻ የተሳበ እንዳይመስል ወደ ሁለተኛው እንሻገር። ይህንንም የጻፈው ያው ራልፍ ነው። በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘመን፥ ባርቶሎሚው ደ ግላንቪል የኦርፎርድ ምሽግ ጠባቂ በነበረበት ጊዜ፥ ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው አንድ ሰው ያዙ። ዕራቁቱን ነበረ፤ ጢሙ ረጅም፥ ደረቱም ጠጕራም ነበረ። በምሽጉ ውስጥ ሌሊትና ቀን ይጠበቅ ጀመር። የሰጡትን ሁሉ ይበላል፤ ጥሬ ዓሣ ሲሰጡት ግን ውሃው እስኪወጣ ድረስ በእጁ እየጨመቀ ይበላው ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም። በእግሩ ሰቅለው ብዙ ጊዜ ቢያሠቃዩትም እንኳ አልተናገረም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት፤ አልሰገደም፥ የአክብሮትም ምልክት አላሳየም። አንድ ቀን ሦስት ረድፍ መረብ በባሕር ላይ ዘርግተው ለቀቁት፤ እርሱ ግን ከመረቦቹ ሥር ጠልቆ ወጣ፤ ከወዲያም ማዶ ብቅ እያለ በዳር የቆሙትን ይመለከታቸው ነበር። ከዚያም በፈቃዱ ተመልሶ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠ። በኋላም ጥበቃው በላላ ጊዜ ወደ ባሕር ሸሸ፤ ዳግመኛም አልታየም።

የኋላ ተራኪዎች ይህን ሰው «የባሕር ሰው» ብለው ግማሹን ዓሣ ያደርጉታል። ራልፍ ግን ስለ ጅራት አንዳች አልጻፈም፤ በአካሉ ሁሉ ሰው ይመስል እንደ ነበረ ነው የሚናገረው። መጨረሻም ላይ ሟች ሰው ይሁን፥ የሰው መልክ ያለው ዓሣ ይሁን፥ ወይም በሰጠመ ሰው ሬሳ ያደረ ክፉ መንፈስ ይሁን ለመፍረድ እንደሚቸግረው ይገልጻል። ይህ አለመፍረድ ለጸሐፊው ክብር ነው። ጅራቱን የጨመሩለት ሰዎች ራልፍ ክፍት የተወውን ጥያቄ ዘጉት፤ ከዘጉትም በኋላ የእግር መሰቀሉ ነገር አያሳፍርም፤ የተሠቃየው ሰው መሆኑ ቀርቶ ተረት ሆኖአልና።

ሥፍራውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። የኦርፎርድን ምሽግ ንጉሥ ሄንሪ ከ1165 እስከ 1173 ያሠራው የባሕሩን ዳር ለመጠበቅና በአውራጃው የገነኑትን መኳንንት ኀይል ለመግታት ነው። በእንዲህ ያለ የጥርጣሬ ቤት ውስጥ ከባሕር የመጣ ዝምተኛ ሰው መመርመሩ፥ ቢዘገይም መሠቃየቱ የሚያስገርም አይደለም። በራልፍ ትረካ ውስጥ እነዚያ ሦስቱ በሮች በግልጥ ይታያሉ፤ ምግቡ ተፈተነ፥ ንግግሩ ተፈተነ፥ ስግደቱ ተፈተነ። የዉልፒቷ ልጅ ያለፈችባቸውን በሮች ይህ ሰው አላለፈባቸውም። ከባሕር ወጥቶ ወደ ባሕር ተመለሰ፤ በመካከሉ ግን የሰውን እጅ ቀመሰ።

ሦስተኛው ታሪክ ዘመኑም አጻጻፉም የተለየ ነው። እሑድ ነሐሴ 4 ቀን 1577 በባንጌ ከተማ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ለጸሎት በተሰበሰበበት ሰዓት ታላቅ የመብረቅ ማዕበል ወረደ። በዚያው ዓመት በለንደን አንድ ትንሽ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው አብርሃም ፍሌሚንግ በማዕበሉ መካከል ጥቁር ውሻ፥ ወይም በውሻ አምሳል የመጣ ሰይጣን፥ ቤተ ክርስቲያኑን አቋርጦ እንደ ሮጠ፥ ተንበርክከው በነበሩ በሁለት ሰዎች መካከል ሲያልፍም የሁለቱንም አንገት ጠምዝዞ እንደ ገደላቸው፥ ሌላውንም ሰው እሳት እንደ ነካው ቈዳ እንዳኰማተረው ጻፈ። በብላይዝበርግ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ሰው እንደ ገደለ ጨመረ።

የባንጌ ደብር መዝገብ ደግሞ አለ። መዝገቡ በዚያ እሑድ በጸሎት ሰዓት በደወል ቤቱ ውስጥ በማዕበሉ የሞቱትን የሁለት ሰዎች ስም ይዞአል። ውሻ ግን የለበትም። እንግዲህ ሁለት ጽሑፎች አሉን፤ አንዱ የሞተውን ለመመዝገብ በሥፍራው የተጻፈ፥ ሌላው ሕዝብን ወደ ንስሐ ለመጥራትና ለመሸጥ ከሩቅ የተጻፈ። ፍሌሚንግ ባለፈው ዓመት በ1576 ስለ እንግሊዝ ውሾች በላቲን የተጻፈ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመ ሰው መሆኑን ስናስታውስ፥ ብዕሩ ለውሻ እንግዳ እንዳልነበረ እንረዳለን። ይህ ውሻውን ፈጠረው ለማለት አያበቃም፤ ከባንጌ የመጣ ወሬ ሰምቶም ይሆናል። ነገር ግን መዝገቡን ትቶ መጽሐፉን ብቻ የሚጠቅስ ሰብሳቢ ከምስክር ይልቅ ሰባኪን መርጦአል ማለት ነው።

ዛሬ ይህ ውሻ «ጥቁሩ ሸክ» ይባላል፤ በከተማይቱ ዓርማ ላይም ይታያል። ይሁን እንጂ ሸክ የሚለው ስም በፍሌሚንግ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ስሙ በ19ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊዎች ከአውራጃው ባላገሮች አፍ የሰበሰቡት የሌላ ውሻ ስም ነው፤ ያም ውሻ በሌሊት በመንገድና በባሕር ዳር ይዞራል የሚባለው ነው። ሁለቱን ውሾች አንድ ያደረጓቸው የድንቅ ታሪክ መጻሕፍት ናቸው። ስለዚህ «ከ1577 ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ትውፊት» የሚለው አነጋገር ማስረጃ የለውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፥ ስማቸው በመዝገብ የተጻፈው ሁለቱ ሟቾች ተረስተው፥ መዝገብ የማያውቀው ውሻ መታሰቢያ ማግኘቱ ነው።

አራተኛው ታሪክ ፈገግታን የሚከለክል ነው። በ1645 በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ማቲው ሆፕኪንስ የተባለ ሰው ከባልደረባው ከጆን ስተርን ጋር በሳፎክና በአጐራባች አውራጃዎች እየዞረ መተተኞችን እገልጣለሁ ይል ነበር። በቤሪ ሴይንት ኤድመንድስ ችሎት ቆሞ ነሐሴ 27 ቀን 1645 አሥራ ስድስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ የብራንደስተን ደብር ቄስ ጆን ሎውስ ነበረ። ዕድሜው ወደ ሰማንያ የተጠጋ፥ በዚያው ደብር ሃምሳ ዓመት ያህል ያገለገለ፥ ከምዕመናኑ ጋር ግን ሲካሰስ የኖረ ሰው ነው። ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሡት፤ ትንፋሹ እስኪቋረጥ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አስሮጡት፤ በፍራምሊንግሃም ምሽግ ውሃ ውስጥም ጥለው ይንሳፈፍ እንደ ሆነ ፈተኑት። በመጨረሻ መናፍስትን ልኮ መርከብ እንዳሰጠመ ተናዘዘ። በሚሰቀልበት ጊዜ የሚፈታው ቄስ ስላልተፈቀደለት፥ የቀብሩን ጸሎት ራሱ ለራሱ ደገመ።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባል። እንግሊዞች «ዊች» የሚሉትን ብዙ ሰው «ጠንቋይ» ብሎ ይተረጕመዋል። በእኛ ቋንቋ ግን ጠንቋይ ሰው ፈልጎት የሚሄድ፥ የተሰወረውን አውቃለሁ ባይ ነው፤ ሥራውም በአደባባይ የታወቀ ነው። በቤሪ የተከሰሱት ሰዎች ግን ከሰይጣን ጋር በስውር ኪዳን ገብተው ሰውንና ከብትን ይጐዳሉ የተባሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ጐረቤት ከጠቆማቸው በቀር ምንም ያልታወቀባቸው ነበሩ። «መተተኛ» የሚለው ይቀርባል፤ እርሱም ቢሆን ልክ አይገጥምም። ተርጓሚ በአንድ ቃል የሁለት አገር ፍርሃት ሲያገናኝ፥ አንባቢው ሩቁን በቅርቡ መስሎ እንዳያነብ መጠንቀቅ አለበት።

የቄስ ሎውስ ታሪክ የበሮቹን ትርጓሜ ይፈትነዋል፤ በመጨረሻም ያጠነክረዋል። ይህ ሰው የአገሩን እንጀራ ይበላል፤ ቋንቋውን ይናገራል፤ እንኳን ሊሰግድ ያሰግዳል። በሦስቱም በሮች ውስጥ ተወልዶ ያረጀ ነው። ፍርሃት በነገሠ ጊዜ ግን በሮቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ተከፈቱ፤ የአገሩ ሰው የራሱን ሰው አውጥቶ እንግዳ አደረገው። የኦርፎርዱ ሰው ተሠቃይቶ ባለመናገሩ ተጠረጠረ፤ ሎውስ ተሠቃይቶ በመናገሩ ተፈረደበት። ሁለቱን ታሪኮች በተለያዩ ገጾች ለመዝናኛ የሚያነብ ሰው ይህን ዝምድና አያየውም።

ድንቅ ታሪክ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አለመሆኑንም ሳፎክ ያሳየናል። በ1662 ሮዝ ከለንደርና ኤሚ ደኒ የተባሉ ሁለት የሎውስቶፍት ባልቴቶች በዚያው በቤሪ በመተት ተከሰው ተሰቀሉ። ዳኛው ዝናው የገነነው ሰር ማቲው ሄል፥ ቃላቸውን ከሰጡት ሊቃውንትም አንዱ ሐኪሙ ሰር ቶማስ ብራውን ነበሩ። የችሎቱ ዘገባ በ1682 ታተመ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1692 በሰሜን አሜሪካ በሴለም ሰዎች በመተት ሲከሰሱ፥ ዳኞቹ ያን ዘገባ እንደ አብነት ተመለከቱት፤ በዚያም አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተሰቀሉ። በአንዱ አውራጃ የተጻፈ ትረካ ባሕር ተሻግሮ ሰው ገደለ ማለት ነው።

እንግዲህ የምንነቅፈው ድንቅ ታሪክ መሰብሰቡን አይደለም። ዊልያምና ራልፍ ባይጽፉ ኖሮ እኛም የምንመረምረው ባልኖረን ነበር። የምንነቅፈው ትረካውን ከተራኪው፥ ከዘመኑና ከሥፍራው ነቅሎ ለገረሜታ ብቻ ማቅረብን ነው፤ እንዲሁም በአንድ ብልሃተኛ ፍቺ ነገሩን ዘግቶ መሄድን ነው። በየአገሩ ባላገር ዘንድ ሄደው አፈ ታሪክ የሚጽፉ ተማሪዎች ከዚህ የሚያገኙት ምክር አጭር ነው። የሁለት ሰዎችን ቃል አስማምታችሁ አንድ አታድርጉት፤ ልዩነቱን እንዳለ ጻፉት። ነጋሪው ከማን እንደ ሰማ ሳትጠይቁ አትለፉ። የእንግዳውን ፍጥረት መልክ ከጻፋችሁ በኋላ፥ ሰዎቹ ምን እንዳደረጉበት መጻፍን አትርሱ፤ ታሪኩ ስለ እንግዳው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ተቀባዮቹ የሚናገረው ይበልጥ የታመነ ነውና።

ራልፍ የባላባቱን የሪቻርድ ደ ካልንን ስም ጽፎአል፤ የምሽጉን ጠባቂ የባርቶሎሚው ደ ግላንቪልንም ስም ጽፎአል። ከዉልፒት ጕድጓድ አጠገብ የተገኘችውን፥ ባቄላ በልታ ያደገችውን፥ ቋንቋ ተምራ የተናገረችውን ልጅ ስም ግን እርሱም ዊልያምም አልጻፉልንም። ስትጠመቅ ስም እንደ ተሰጣት የታወቀ ነው።